ዳቦውን ከማስቆማችሁ በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ስለ ዱቄት ናቸው። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከያዮ፣ ከበደሌ ይጻፍልኛል። «ዶክተር፣ ግሉተን መርዝ ነው ሲሉ ቲክቶክ ላይ ሰማሁ፤ የልጄ ሆድ ሁሌ ይነፋል፤ ዳቦ ላቁምበት?» «ዶክተር፣ ከአዲስ አበባ ግሉተን ፍሪ የሚባል ዱቄት ላስመጣ ነው፤ ዋጋው ግን ራስ ያዞራል፤ ይጠቅመዋል ወይ?» አንዷ እናት ደግሞ ዳቦ ካቆመች ሦስት ወር ሆኗታል፤ አሁን የምትጠይቀኝ ልጇ ለምን ክብደት እንደማይጨምር ነው።

ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። ዳቦውን ገና አታቁሙ። ልጃችሁ በእርግጥ ስንዴ የማይስማማው ሕመም ካለበት፣ ሳይመረመር ዳቦ ማቆም ሕመሙን ከእኛ ከሐኪሞች ይደብቀዋል። ሕመሙ ከሌለበት ደግሞ ስንዴ አልጎዳውም። በእኔ እምነት በእኛ ከተሞች ልጆችን እየጎዳ ያለው ግሉተን ሳይሆን በየማለዳው የምንሰጣቸው ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ላስረዳ።

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በእኛ አገር ብዙም በማይታወቀው ራይ በተባለ እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። አዲስ የመጣ ነገር አይደለም፤ ፋብሪካም አልጨመረውም። የስንዴ ሊጥ ስታቦኩ እንደ ላስቲክ የሚሳበው በእሱ ምክንያት ነው። እርሾው የሚፈጥረውን አየር አፍኖ ይዞ ድፎውን ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። የበቆሎ ሊጥ የፈለገውን ያህል ቢታሽ እንደ ስንዴ የማይነሳው ግሉተን ስለሌለው ነው። ለአብዛኛው ሰው ይህ ፕሮቲን እንደማንኛውም ምግብ ነው፤ ይበላል፣ ያልፋል።

ጥቂት ሰዎች ግን ሲሊያክ የሚባል ሕመም አለባቸው። በዓለም ደረጃ ሲገመት ከመቶ ሰው አንድ አካባቢ ነው። የእነዚህ ሰዎች የሰውነት መከላከያ ግሉተን ሲያገኝ በስህተት የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ጤናማ የአንጀት ግድግዳ እንደ ጋቢ ጥለት ዘርዘር ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጣቶች አሉት፤ ምግብን የሚመጡት እነሱ ናቸው። በሲሊያክ ጊዜ እነዚህ ጣቶች እየመነመኑ ይጠፋሉ። ልጁ ይበላል፤ የበላው ግን ሰውነቱ ውስጥ አይገባም። አለርጂ አይደለም፤ በስንዴ አለርጂ ልጁ ከበላ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆዳው ይንደበደባል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ሲሊያክ ቀስ ብሎ በወራት የሚያከሳ ነው።

ይህ ሕመም ከስንዴ ጋር መያያዙ የታወቀበት መንገድ ለእኛም ትምህርት ስላለው ላጫውታችሁ። ቪለም ዲከ የሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት አገሩ በጀርመን ጦር ተከቦ ከባድ ረሃብ ገባ፤ ዳቦ ከገበያ ጠፋ፣ ሰው የአበባ ሥር ሳይቀር ቀቅሎ በላ። ሌላው ሕፃን ሁሉ ሲከሳ በዚህ ሕመም ይሰቃዩ የነበሩት ልጆች ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር በጥንቃቄ መርምሮ አረጋገጠው። ልብ በሉ፤ ሰውየው ያየውን ይዞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ሌላው ሕፃን ሁሉ ዳቦ ያቁም ብሎም አላወጀም። የታመሙትን ለይቶ ነው ያከመው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬ የአንድ ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ዕድሜው ስምንት ነው፤ ሲያዩት ግን አምስት ዓመት ይመስላል። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ የተነፋ። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የጃርዲያ መድኃኒት ወስዷል፤ የትል መድኃኒትማ ቁጥሩ አይታወቅም። የደም ማነስ አለበት ተብሎ የብረት ሽሮፕ ጠጥቷል፤ ደሙ አልተሻሻለም። እናቱ አስተዋይ ሴት ናት። ማርቃ ወይም የጤፍ እንጀራ በበላ ሳምንት እንደሚሻለው፣ ዳቦና ፓስታ በበላ ሳምንት እንደሚብስበት በራሷ ደረሰችበት። ስንዴ አቆመችበት። ልጁ መሻሻል ጀመረ፤ ከዚያ ነው ወደ ምርመራ የመጡት።

የደም ምርመራው ነፃ ነው አለ። እናትየው ልክ ነበረች፤ ምርመራው ግን አላየላትም፤ ምክንያቱም የሲሊያክ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ግሉተንን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ውጊያው ከቆመ ደግሞ የሚመረተውም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ ልጁ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ስንዴ እንዲበላ መደረግ ነበረበት። እናትየው በገዛ እጇ ልጇን እንደገና ስታሳምም ምን እንደተሰማት ወላጅ የሆነ ያውቀዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ወጣ፤ ናሙናም ከአንጀቱ ተወስዶ ተረጋገጠ። ያን ሁሉ ስቃይ የጨመረው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ምርመራው ዳቦው ሳይቆም ቢሠራ ኖሮ አያስፈልግም ነበር።

«ታዲያ ከተሻለው ምርመራ ለምን?» ትሉኝ ይሆናል። ሲሊያክ ከሆነ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነዋ! አንድ ፍርፋሪም አይፈቀድም። «ዳቦ ትንሽ ይከብደዋል» ብሎ መገመትና ሲሊያክ መሆኑን ማወቅ ሰማይና ምድር ናቸው። በግምት የቆመ ዳቦ በግምት ይጀመራል፤ አያት ቤት ሲሄድ ይበላል፣ በዓል ሲመጣ ይበላል፣ አንጀቱ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ደግሞም ሲሊያክ በቤተሰብ ይሄዳል፤ ለአንዱ ልጅ ከተረጋገጠ እህት ወንድሞቹም መታየት አለባቸው።

መቼ ነው የምትጠረጥሩት? ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ተቅማጥ፣ የማይወርድ የሆድ መነፋት፣ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ የቆመ ወይም የወረደ ክብደት፣ ለብረት መድኃኒት መልስ የማይሰጥ የደም ማነስ። በአንዳንድ ልጆች ተቅማጥ ሳይሆን ድርቀት ነው የሚታየው። በትልልቆች ላይ ሥር የሰደደ ድካም፣ የሚመላለስ የአፍ ቁስል፣ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ የአጥንት መሳሳት፣ ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ በጣም የሚያሳክክ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሊሆን ይችላል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ናቸው፤ ዳውን ሲንድረም ያለባቸውም እንዲሁ።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። በኢሉባቦር ሆዱ ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዞት፣ ክብደት አልጨምር ብሎ ከሚመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ሲሊያክ አይደለም። ጃርዲያ ነው፣ የአንጀት ትል ነው፣ የምግብ እጥረት ነው፤ አንዳንዴም ቲቢ ነው። ውኃው ካልፈላ፣ እጅ በሳሙና ካልታጠበ፣ ዳቦ ብታቆሙም ባታቆሙም ተቅማጡ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰገራ ይመርመር። ጃርዲያ ተገኝቶ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ጨርሶ፣ ቤት ውስጥም ጥንቃቄ ተደርጎ እንደገና ከተመለሰና ልጁ ካላደገ ግን፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ ያንኑ መድኃኒት ለአራተኛ ጊዜ አትግዙ። «ሲሊያክ ይሆን?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሐኪምም አይቆጣም። የደም ምርመራውና በኋላ የሚመጣው የአንጀት ናሙና ሪፈር ሊፈልግ ይችላል፤ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ድረስ። ወጪው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ከመንገድ በፊት ዳቦ አታቁሙ የምለው። ሄዳችሁ በከንቱ እንዳትመለሱ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጥቂቶቹ ነው። አሁን ስለ ብዙዎቹ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በመቱ መንገድ ላይ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችን ጠይቁ፤ ቁርሳቸው ሻይ በዳቦ ነው። እረፍት ሰዓት ላይ ብስኩት ወይም ቦንቦሊኖ። ማታ ማካሮኒ። ሦስቱም ያው ነጭ ዱቄት ነው። ስንዴ በአካባቢያችን ዋና እህል አልነበረም፤ የእኛ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ጎደሬ ነው። ዳቦ የበዓል ነበር፤ አሁን በየቀኑ ሆነ፤ ቀላል ስለሆነ፣ ነጭ ስለሆነ፣ ትንሽም የኩራት ነገር ስላለበት። ጎደሬ ለልጇ ቋጥራ የምትልክ እናት ሰው እንዳያይባት ትሳቀቃለች፤ ብስኩት የምትልከው አትሳቀቅም። ይህን ሳይ ይከፋኛል።

ነጭ የፉርኖ ዱቄት ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስንዴው ሲፈጭ ቅርፊቱና ፅንሱ ተለይቶ ይወጣና መሐሉ ብቻ ይቀራል። አንድ መቶ ግራም ሙሉ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ወደ 11 ግራም ገደማ አሰር አለ፤ በነጩ ውስጥ 3 ግራም አይሞላም። ምንም ካልተጨመረበት ብረቱም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ተለይቶ የወጣው ፉርሽካ የት ይሄዳል? ለላም። ላሟ ብረቱን፣ ዚንኩንና አሰሩን ትበላለች፣ ልጃችን ነጩን ይበላል፣ ከዚያ ለልጁ የብረት ሽሮፕ እንገዛለን። ለላሟ አልቀናም፤ ግን ነገሩ ያስቃል።

ሻዩ ደግሞ ይብሳል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ይይዝና እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ ቡናም እንዲሁ። ዳቦው ውስጥ የቀረችውን ትንሽ ብረት ሻዩ ይወስዳታል ማለት ነው። በቡና አገር ተቀምጬ ቡና አትጠጡ ልል አልችልም፤ ቢያንስ ለልጆች ከምግብ ጋር ሻይም ቡናም አትስጡ። ትልልቆችም፣ በተለይ እርጉዞችና ደም ማነስ ያለባችሁ፣ ምግብ ከበላችሁ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጠጡ። የቡና ቁርሱም ሁሌ ዳቦ መሆን የለበትም፤ የበቆሎ ወይም የሽምብራ ቆሎ የት ሄደ?

አንድ ነገር ለስንዴ ዱቄት ልመስክርለት። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የስንዴ ዱቄት ፋብሪካዎች ፎሊክ አሲድና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን እንዲጨምሩ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። ፎሊክ አሲድ በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት የሕፃኑ አከርካሪና ጭንቅላት በትክክል እንዲዘጋ የሚረዳ ቫይታሚን ነው፤ በአገራችን ይህ ችግር ይዟቸው የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ስለሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። ማሸጊያው ላይ የበለፀገ መሆኑን አንብቡ። ወፍጮ ቤት የምታስፈጩት ግን ይህ አይጨመርበትም። ስለዚህ ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ሴቶች፣ ስንዴ በላችሁም አልበላችሁም፣ ከማርገዛችሁ በፊት ጀምራችሁ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ስለመውሰድ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እንጋግር? ሲሊያክ የሌለበት ቤተሰብ ስንዴን ማቆም አያስፈልገውም፤ ማሻሻል ነው። ስንዴ ገዝታችሁ አስለቅማችሁ ራሳችሁ አስፈጩ። ስትነፉ ፉርሽካውን ሁሉ አትጣሉ፤ በሰፊ ወንፊት ነፍታችሁ ሻካራውን ብቻ አስቀሩ። ከአራት እጅ አንዱን በጤፍ፣ በማሽላ ወይም በሽምብራ ዱቄት ብትተኩት ዳቦው አሁንም ይነሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይከብዳል። ውኃ ትንሽ ጨመር አድርጉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊጡን ማታ አቡክታችሁ አሳድሩት። ሙሉ እህል ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ሊጡ ሲቦካ ይቀንሳል። ሆዱ ዳቦ ሲበላ የሚነፋ ጤነኛ ሰውም ብዙ ጊዜ በደንብ የቦካው ይስማማዋል፤ በሰዓት ውስጥ ተነስቶ የሚወጣው የሱቅ ዳቦ የማይስማማው ሁሉ ግሉተን አስቸግሮት አይደለም።

ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ግን ፉርሽካ አታብዙ። ሆዳቸው ትንሽ ነው፤ አሰር ከሞላው ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ቦታ ያጣል። ለእነሱ ገንፎው ላይ ዘይት ወይም ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይጨመር። ስንዴን ከስድስት ወር በኋላ ከሌላው ምግብ ጋር ማስጀመር ይቻላል፤ ማዘግየት ሲሊያክን አይከላከልም።

ከውጭ ስለሚመጣው ግሉተን ፍሪ ዱቄት የጠየቃችሁኝ፣ ብሩን አስቀምጡት። አብዛኛው የሩዝ፣ የበቆሎና የድንች ስታርች ድብልቅ ነው፤ አሰሩም ፕሮቲኑም ከሙሉ ስንዴ ያነሰ ነው። የስኳር ሕመምተኞችም ይህን ስሙ፦ ግሉተን የሌለው ማለት ስኳር የማይጨምር ማለት አይደለም። የሩዝና የስታርች ዱቄት ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ መጠኑን መቀነስና ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከጎመን ጋር መብላት ነው።

ፈረንጆች ግሉተን የሌለው ሲሉ በጣም ከሚያደንቁት እህል አንዱ ጤፍ መሆኑን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ሲሊያክ የሚቀሰቅስ ግሉተን እንደሌለው በታወቀ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። በዚያው አገር አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ሰው ተካሶ የሚፈልገውን እህል እኛ ጓዳ አስቀምጠን ከባሕር ማዶ ዱቄት ስናስመጣ ይገርማል። ጤፍ ተወዷል፣ አውቃለሁ። በቆሎና ማሽላም ግሉተን የላቸውም። ዳጉሳም የለውም፤ ካልሲየሙ ደግሞ ከእህል ሁሉ የበዛ ነው። ጎደሬም፣ አንጮቴም፣ ቡላም የለባቸውም። ጎደሬ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን አይሁን፤ በደንብም ይብሰል፣ ጥሬነት ካለው አፍና ጉሮሮ ያሳክካል።

በቆሎ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አካባቢያችን ዝናቡ ብዙ ነው፤ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በመጋገር አይጠፋም። የሻገተውን ለቅማችሁ አውጡ፤ ለጠላም፣ ለዶሮም አይሁን። ልጅን ከስንዴ አሽሽቶ የሻገተ በቆሎ ማብላት ከእሳት ወደ ረመጥ ነው።

ሲሊያክ ለተረጋገጠበት ልጅ ዳቦ መጋገር ይቻላል፤ ድፎ አይመስልም፣ ግን ይጣፍጣል። ሦስት ኩባያ የላመ የበቆሎ ዱቄት ያዙ። አንዱን ኩባያ በፈላ ውኃ ወፍራም ገንፎ አድርጋችሁ አቀዝቅዙ። ለእንጀራ አብሲት የምታዘጋጁት ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የበሰለው ዱቄት ይለጠጥና አየሩን ይይዛል፤ ግሉተን የሚሠራውን ሥራ በከፊል ይሠራል። ገንፎው ላይ የቀረውን በቆሎና አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ለብ ያለ ውኃና እርሾ ጨምራችሁ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት ምቱበት። ኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ባነጠፋችሁበት ድስት ገልብጣችሁ፣ ከላይም ቅጠል አልብሳችሁ፣ ከታችና ከላይ በለዘብተኛ እሳት አብስሉት። ሳይቀዘቅዝ ይበላ፤ በማግሥቱ ይፈረፈራል፤ ያኔ በቅቤ ጨጨብሳ ይሆናል።

ለእነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ የሚያሳስተው ዳቦው አይደለም፤ እሱንማ ሁሉም ያውቃል። እርሾ ነው። ከጎረቤት የተቀዳ እርሾ፣ ጎረቤት ጤፉ ላይ ስንዴ ወይም ገብስ የምትቀላቅል ከሆነ ግሉተን ይዞ ይመጣል። ከገበያ የተገዛ እንጀራም ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ወፍጮ ቤት ከእናንተ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ የመጀመሪያው ኪሎ የእሱ ነው፤ ባለወፍጮውን ለምኑት፣ ከበቆሎ ቀጥሎ ይፍጭላችሁ፣ የመጀመሪያውንም ለሌላ የቤት ሰው አድርጉት። ምጣዱና ወንፊቱ ይለይ። በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅንጬ ሁሉም የተከለከሉ ናቸው። አጃ በራሱ ለብዙዎቹ ባይጎዳም ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጥ። የታሸገ የሕፃናት ዱቄት ስንዴ እንዳለበት አንብቡ። ለትልልቆቹ፣ በብቅል የተጠመቀ ጠላና ቢራም አይቻልም፤ የበደሌ ልጅ ብትሆኑም።

ትምህርት ቤት ለመምህሩ ንገሩ። ቡሄ ሲመጣ ጓደኞቹ ሙልሙል ተቀብለው ሲበሉ እሱ ባዶ እጁን እንዳይቆም፣ የእሱን ከቤት ጋግራችሁ ጎረቤት ቤት ቀድማችሁ አስቀምጡለት፤ ሲጨፍር እሱም ከነሱ እጅ ይቀበል። የመድኃኒቱን ያህል ይህም ያስፈልገዋል፤ ልጅ ምግብ የሚሰርቀው ብዙ ጊዜ ርቦት ሳይሆን ተለይቶ ስለከፋው ነው።

ልጃችሁን ይዛችሁ ስትመጡ የእድገት መከታተያ ካርዱን አምጡ፤ ከጠፋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋ መዝገብ ሊኖር ይችላል። እስካሁን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርቶን ወይም ስማቸውን ያዙ። የአንድ ሳምንት ምግቡን፣ ጠዋት ምን፣ ቀን ምን፣ ማታ ምን እንደበላና ሆዱ እንዴት እንደዋለ በደብተር ጻፉልኝ፤ ማንበብ የማትችሉ ትልቁ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። እስከዚያ ድረስ ዳቦው አይቁም፤ ሻዩን ግን ከዛሬ ጀምሮ ማቆም ትችላላችሁ።